በርቀት ለሚሠራ ቡድን የእንቆቅልሽ ፍለጋ ጨዋታ እንዴት ይዘጋጃል?

ባልደረቦችዎ አንዱ ባሕር ዳር፣ ሌላው ደብረ ማርቆስ፣ ሦስተኛው ሞጣ ሆነው በኢንተርኔት አብረው የሚሠሩ ከሆነ፣ የሚተዋወቁት በአብዛኛው በሥራ መልእክትና በስብሰባ ድምፅ ብቻ ነው። የፍለጋ ጨዋታ ይህን ርቀት ያጠብባል። አጫዋቹ ፍንጭ ይሰጣል፤ ተጫዋቾቹም ፍንጩ የሚያመለክተውን ዕቃ ከቤታቸው፣ ወይም መልሱን ከኢንተርኔት ፈልገው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ያቀርባሉ። ይህን ጨዋታ ለአሥራ ሁለት ሰዎች ቡድን ደጋግሜ አዘጋጅቻለሁ፤ ባየሁት ሁሉ ጨዋታው የሚያምረውም የሚበላሸውም በፍንጩ አጻጻፍ ነው።

በመጀመሪያ ተጫዋቾቹን ሦስት ወይም አራት ሰው ባላቸው ቡድኖች ይክፈሏቸው፤ በየዕለቱ አብረው የሚሠሩትን ለያይተው እምብዛም የማይነጋገሩትን ቢያገናኙ ይመረጣል። ለየቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ ይክፈቱና መልሱ በፎቶ እንዲላክ ያድርጉ፤ ፎቶ ከቪዲዮ ያነሰ ዳታ ስለሚወስድ፣ መብራት ቢጠፋም በሞባይል ዳታ መጫወት ይቻላል። ሁሉም የሚገናኙበትን መድረክ ዙም ላይ ካደረጉት፣ ነጻው አገልግሎት የቡድን ስብሰባን በ40 ደቂቃ ስለሚያቋርጥ ጨዋታው በ35 ደቂቃ እንዲያልቅ አድርገው ስድስት ፍንጭ ብቻ ያዘጋጁ። መጥሪያው ላይ «8 ሰዓት» ብቻ ብለው አይጻፉ። ኮምፒውተሩ ያንኑ ሰዓት 14፡00 ወይም ከሰዓት በኋላ 2፡00 ብሎ ስለሚያሳይ፣ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስፈር ያስፈልጋል።

ቀጣዩ እርምጃ ፍንጭ መጻፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ይህ ነው። የጎጃም ሰው ለዚህ ርቆ መሄድ አያሻውም፤ ዋሸራንና ዲማን የመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤዎች ባሉበት አገር ሰምና ወርቅ የታወቀ ነገር ነው። በፍንጩም ውስጥ ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም፣ የሚፈለገው ዕቃ ደግሞ ወርቅ ይሁን። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ዕቃውን ይምረጡ፣ ስለ ዕቃው ሦስት እውነተኛ ነገሮችን ይጻፉ፣ ወዲያውኑ የሚያጋልጠውን ይሰርዙ፣ የቀሩትን ስለ ሰው እንደሚናገሩ አድርገው ይግለጿቸው። «ሺህ ዓይን አላት፤ በአንዱም አታይም» ቢሉ ወንፊት ይመጣል። «አንገቷ ረጅም፣ ሆዷ ጥቁር፤ ከእሳት ወርዳ ጎንበስ ስትል ጎረቤት ይሰበሰባል» ቢሉ ጀበና ይቀርባል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ጨዋታ ጀበና፣ መሶብና ሙቀጫ አስፈልጌ ነበር። እንጅባራ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ ለብቻዋ የምትኖር ባልደረባችን ከሦስቱ አንዱም ስላልነበራት፣ ሌሎቹ ወደ ጓዳ ሲሮጡ እሷ ካሜራው ፊት ዝም ብላ ተቀምጣ ቀረች። በጣም አዘንኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከስድስቱ ፍንጮች ቢያንስ አራቱን ከዕቃው ስም ይልቅ ከአገልግሎቱ ጋር አያይዛለሁ። «ሙቀት የሚጠብቅ ነገር አምጡ» ሲባል አንዱ ፔርሙስ፣ አንዱ ጋቢ፣ ሌላው ቡልኮ ይዞ ይመጣል፤ ሁሉም ነጥብ ያገኛል፣ ማንም ባዶ እጁን አይቀርም።

ከእነዚህ አንዱ ፍንጭ ትዝታ የሚቀሰቅስ ቢሆን አጥብቄ እመክራለሁ። አንድ ጊዜ «ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው የተገለገለበት ዕቃ» ብዬ ጠየቅሁ። ሞጣ ያለው ባልደረባችን ማንገቻው ተበጥሶ በሲባጎ የተቀጠለ አሮጌ አኩፋዳ ይዞ ተመለሰ። አባቱ በልጅነታቸው ቅኔ ሲማሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ የለመኑበት ነበር። ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ የአባቱን ታሪክ አንዳችንም አናውቅም ነበር። እንዲህ ላለው ፍንጭ ሰዓት አይቁጠሩበት፤ ተናጋሪው እስኪጨርስ ይጠብቁ።

ከኢንተርኔት የሚፈለጉ ጥያቄዎች ደግሞ አንድ ቁርጥ ያለ መልስ ሊኖራቸው ይገባል። በጣና ላይ ስንት ደሴት እንዳለ አይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ 37 ቢባልም ቁጥሩ እንደ ውኃው ከፍታ ይለዋወጣል። የጮቄ ተራራ ከፍታም በየምንጩ ይለያያል። «ከደጀን ተነሥቶ የዓባይን በረሃ የተሻገረ መንገደኛ ሽቅብ ሲወጣ የሚቀበለው ከተማ ማን ነው?» የሚለው ግን አያከራክርም፤ መልሱ ጎሐ ጽዮን ነው። ነገር ግን ትክክለኛው መልስ ካልተጻፈ ቀጣዩን ገጽ እንዳይከፍት አድርገው ጉግል ፎርም የሚያዘጋጁ ከሆነ፣ ፎርሙ ሐ እና ሃን፣ ጽ እና ፅን እንደ ተለያየ ፊደል ስለሚቆጥር «ጎሃ ፅዮን» ብሎ የጻፈውን ይመልሰዋል። ስለዚህ በቃል የሚመለሰውን ሰው ይዳኘው፤ ለፎርሙ በቁጥር የሚመለሰውን ይተዉለት። ዓመተ ምሕረት ሲጠይቁም አቆጣጠሩን ይግለጹ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ንጉሥ ሆነው የነገሡበትን ዓመት ብትጠይቁ አንዱ 1873፣ ሌላው 1881 ይላል፤ ሁለቱም በየአቆጣጠራቸው ልክ ናቸው።

ፍንጮቹን ከጨዋታው አንድ ቀን በፊት ለማይጫወት ሰው ሰጥተው ያስሞክሩ፤ በሦስት ደቂቃ ያልፈታውን ያቅልሉለት። መታወቂያ፣ የሥራ ሰነድና የልጆች ፊት ፎቶ ውስጥ እንዳይገቡም አስቀድመው ያሳስቡ።

በጨዋታው ዕለት ነጥብ አያያዙን ከልጅነት እንቆቅልሻችን ይዋሱ። ለየቡድኑ አምስት አምስት ከተሞች ያድሉ፦ ለአንዱ ደጀን፣ ቢቸና፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና ዳንግላ፤ ለሌላውም እንዲሁ ሌሎች አምስት። እርስዎ «እንቆቅልሽ» ይበሉ፤ ተጫዋቾቹ «ምን አውቅልህ» ሲሉ ፍንጩን ይናገሩ፣ ሰዓቱም ይጀምር። መፍታት ያቃተው ቡድን «አገር ስጠኝ» ሲባል አንድ ከተማ ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። በትክክል የመለሰ ቡድን ከተሞቹን እንደያዘ ይቀጥላል፤ ቀድሞ የመለሰው ደግሞ የተሰጠውን ከተማ ይወርሳል። ብዙ ከተማ ይዞ የጨረሰ ያሸንፋል። ብዙ ከተማ ለሰጠው ቡድን የቀጣዩን ጨዋታ ፍንጭ የመጻፍ ኃላፊነት ይስጡ፤ የጻፉትን ግን ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት ተቀብለው ያንብቡት።