ቧንቧ ሲፈነዳ ባለሙያው እስኪደርስ ምን ይደረግ?

ጣሪያ ላይ ሮቶ ባለበት ቤት ቧንቧ ሲፈነዳ ብዙ ሰው ሮጦ የሚዘጋው ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ብቻ ነው፤ ውኃው ግን መፍሰሱን አያቆምም፤ ምክንያቱም ሮቶው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ በራሱ ክብደት ወደ ቤት መውረዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ከሮቶው ሥር የሚወጣው መስመር መዝጊያም አብሮ መዘጋት አለበት። ሁለቱም መዝጊያዎች የት እንዳሉ ልጆችን ጨምሮ የቤቱ ሰው ሁሉ ዛሬውኑ ቢያውቅ እጅግ ጠቃሚ ነው። ቦይለር ካለም ውኃ ሳይኖረው እንዳይሞቅ ኤሌክትሪኩን ማጥፋት ይገባል፤ የፈሰሰው ውኃ ወደ ሶኬት ከደረሰ ግን በእርጥብ እግር ቆሞ ማብሪያ ማጥፊያ መንካት ለሕይወት አደገኛ ነው።

ከዚያ ዝቅ ብሎ የሚገኘውን ቧንቧ ከፍቶ በመስመሩ ውስጥ የቀረውን ውኃ ማስወጣት፣ የተሰነጠቀውን ቦታ በደንብ ማድረቅ፣ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ሰፋ ያለ ቁራጭ ቆርጦ አጥብቆ መጠምጠምና በላዩ በብሎን የሚጠብቅ ማሰሪያ ማሰር ነው። ቴፍሎን የሚባለው ነጭ ስስ ጥቅልል የሚያገለግለው ተጠምዝዞ ለሚገጠም ባለ ጥርስ መጋጠሚያ እንጂ ለስንጥቅ አይደለም። ይህ ጥገና ጊዜያዊ ስለሆነ ቧንቧው በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ዓይነት ከሆነ በባለሙያ ተቆርጦ መበየድ ይኖርበታል።

ሮቶው ሞልቶ የሚፈስ ከሆነ ሮቶው ሲሞላ የሚገባውን ውኃ የሚያዘጋውን ተንሳፋፊ ኳስ በእጅ ከፍ ያድርጉት፤ ውኃው ከቆመ ኳሱ ተበስቶ ወይም ክንዱ ተጣሞ ሊሆን ይችላል፤ ካልቆመ የሚዘጋው ጎማ አልቋል።

የተደበቀ ፍሳሽ ሲጠረጠር ሮቶው ሞልቶ ቧንቧዎቹ ሁሉ ተዘግተው ሳለ ቆጣሪው የሚዞር መሆኑን ማየት ይረዳል፤ ከሮቶው በታች ያለ ትንሽ ፍሳሽ ግን ወዲያው በቆጣሪው ላይ ላይታይ ይችላል።