ቪፒኤኑ ተገናኝቷል ፒንግም ይመልሳል፣ ሲስተሙ ግን አይከፍትም

ቅርንጫፍና ዋና መስሪያ ቤት በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር) የምታገናኙ ልጆች ይሄ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። ከድሬዳዋ ቅርንጫፍ ይደወላል «ሲስተሙ እምቢ አለን» ይላሉ፣ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ሳይ ታነሉ (የቪፒኤኑ መስመር) አፕ ነው፣ ፒንግ (ሰርቨሩ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ትንሽ መልእክት) ይመልሳል፣ የሎግኢን ገጹም ይመጣል፣ ፓስወርድ አስገብተው ኢንተር ሲሉ ግን ነጭ ስክሪን ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች ትዞራለች በቃ። ሁለት ቀን ሙሉ ችግሩ የመስመሩ ነው ብዬ ስደውል ነበር፣ አልነበረም።

ምክንያቱ ኤምቲዩ ነው፣ ማለትም አንድ ፓኬት (በአንድ ጊዜ የሚላክ የዳታ ቁራጭ) ሊኖረው የሚችለው ትልቁ መጠን። ኢተርኔት ላይ አንድ ፓኬት በተለምዶ እስከ 1500 ባይት ነው፣ ቪፒኤን ደግሞ ፓኬቱን ሌላ ፖስታ ውስጥ ይከተዋል፣ ጂአርኢ (ታነሉን የሚሰራው) ብቻውን 24 ባይት ይወስዳል አይፒሴክ (ምስጠራው) ሲጨመርበት ደግሞ ከዛም በላይ። ስለዚህ 1500 ሞልቶ የመጣና እንዳይቆራረጥ የተባለ ፓኬት አያልፍም። ራውተሩ ለላኪው «ትልቅ ነው አሳንሰህ ላክ» የሚል የአይሲኤምፒ (የኔትወርክ ችግር ማሳወቂያ) መልእክት መመለስ አለበት፣ መሃል ላይ ያለ ፋየርዎል አይሲኤምፒን ጠራርጎ ከዘጋው ግን ላኪው ምንም አይሰማም፣ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል። የዊንዶውስ ፒንግ 32 ባይት ብቻ ስለሚልክ ሁሌ ያልፋል፣ የሚያሳስተንም እሱ ነው።

ለማረጋገጥ ቅርንጫፉ ኮምፒውተር ላይ ፒንግ -ኤፍ -ኤል 1472 (ping -f -l 1472፣ ኤፏ ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ ነው) ብላችሁ የሰርቨሩን አይፒ ጻፉ (1472 ሲደመር 28 ሄደር 1500 ይሆናል)። ካላለፈ እስኪያልፍ ድረስ ቁጥሩን ቀንሱ፣ ባለፈው ትልቁ ቁጥር ላይ 28 ደምሩ። እኛ ጋ 1372 አለፈ፣ ስለዚህ የታነሉን ኤምቲዩ 1400 አደረግነው፣ የቲሲፒ ኤምኤስኤሱን (አንድ ፓኬት ውስጥ የሚገባውን ንጹህ ዳታ መጠን) ደግሞ የሄደሩን 40 ቀንሰን 1360። ሲስኮ ላይ አድጀስት ኤምኤስኤስ ነው፣ ማይክሮቲክ ላይ ማንግል ውስጥ ቼንጅ ኤምኤስኤስ። ሁለቱም ጫፍ ራውተር ላይ አድርጉት፣ በየኮምፒውተሩ እየዞራችሁ አትልፉ። ሴቭ ባደረግኩበት ደቂቃ ገንዘብ ያዧ ሪፖርቷን አወጣች!

ታነሉ አፕ ሆኖ ትንሿም ፒንግ ካላለፈች የሁለቱን ቢሮ አይፒ እዩ። ሁለቱም ጋ 192.168.1 ከሆነ ኮምፒውተሩ ሰርቨሩን እዛው ቢሮ ያለ ስለሚመስለው ለራውተሩ አይሰጠውም። የቅርንጫፉን ሬንጅ ቀይሩ፣ ስታቲክ አይፒ የተሰጣቸውን ፕሪንተሮች እንዳትረሱ።

ፋይበር በሌለበት ሳይት በቪሳት (በሳተላይት ኢንተርኔት) የምትሰሩ ደግሞ ሁሉም ይከፍታል ግን ያንቀላፋል። ሳተላይቱ ያለው 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመጣ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል፣ ፋይበር ላይ ግን ብርሃን በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከዳታቤዝ ጋር መቶ ጊዜ የሚመላለስ ሶፍትዌር በቪሳት ሃምሳ ሰከንድ ይፈጅበታል፣ እዚህ ላይ ባንድዊድዝ መግዛት ብር ማባከን ነው። ሶፍትዌሩን ዋናው መስሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ጭናችሁ ሳይቱ በሪሞት ዴስክቶፕ ይግባ፣ ምልልሱ እዛው ያልቅና በሳተላይት የሚያልፈው ስክሪኑ ብቻ ይሆናል።