ወላጅ አዲስ አበባ ዳር፣ እናንተ ባሕር ማዶ፦ የድብርት ምርመራን ከሩቅ ማስጀመር

ስልክ ላይ ሁሉም ደህና ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተ ብቻ ደህና ሁኑልን» ይባልና ወሬው ያልቃል። የወላጅ ድብርት ውጭ ላለ ልጅ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው አፍ ነው። ታናሽ ወንድም «እማዬ ቡና ማፍላት ትታለች» ይላል። እህት ደግሞ «ቤተ ክርስቲያን ከሄደች ቆየች» ትላለች። ራስ ምታቱ፣ ጨጓራው፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል» የሚለው ስሞታ በተደወለ ቁጥር ይነሳል። ክሊኒክ ተሂዶ ምንም አልተገኘም። ብዙ ወላጆቻችን «ከፍቶኛል» ከማለት ይልቅ «አሞኛል» ማለት ይቀላቸዋል።

ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ ወይም ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የገቡ ወላጆች ደግሞ ሌላም ጣጣ አለባቸው። ዕድሩ ድሮ ሰፈር ቀርቷል። ቡና ጠጡ የሚል ጎረቤት ገና አልተገኘም። ጉልበት የሚያመው ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ያለ ሊፍት፣ ቀኑን ሙሉ በር ዘግቶ ይውላል። ቤቱን ብዙ ጊዜ የገዛነው እኛው ነን፣ ለእነሱ ብለን። ይህን የማነሳው ለወቀሳ አይደለም። ሐኪሙ ካልተነገረው አያውቀውም።

እንግዲህ ምርመራ ያስፈልጋል ካላችሁ፣ አብዛኞቻችን የምንጀምረው «ጎበዝ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ማን ነው?» ብለን በመጠየቅ ነው። እኔ ግን ከሐኪሙ በፊት አብሮ የሚሄደውን ሰው ምረጡ ባይ ነኝ። ምርመራው በአንድ ቀን አያልቅም። የላብራቶሪ ውጤት አለ፣ ተመልሶ መታየት አለ፣ መድኃኒት ከተጀመረ ክትትል አለ። ዛሬ የአክስት ልጅ፣ በቀጣዩ ቀጠሮ ጎረቤት ከሄደ ታሪኩ በየጊዜው ከዜሮ ይጀምራል። ወላጅ የማያፍረው፣ ወሬ የማያወጣ፣ በሥራ ቀን ግማሽ ቀን ማግኘት የሚችል አንድ ሰው ፈልጉ። የበኩር ልጅ መሆን የለበትም። ምራት ወይም የክርስትና ልጅ አንዳንዴ ይሻላሉ። የትራንስፖርት ብቻ ሳይሆን የቀረበትን የሥራ ቀንም አስቡለት። «ቤተሰብ አይደል?» ተብሎ በነፃ የሚላክ ሰው ትንሽ ቆይቶ ስልክ ማንሳት ያቆማል።

ወላጅን ለማሳመን አታታልሉ። «ለደም ግፊት ነው» ብላችሁ ሳይካትሪ ክፍል በር ላይ ካደረሳችኋቸው ሁለተኛ አይሄዱላችሁም። «እማዬ፣ እንቅልፍሽና ምግብሽ አሳስቦኛል፤ የሚያይሽ ሐኪም አግኝተናል» ማለት እውነትም ነው፣ ቀላልም ነው።

የት ይሂዱ? መርካቶ አካባቢ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል በሙያው የታወቀ ነው። ስሙ ግን ወላጆቻችንን ያስደነግጣል። «አማኑኤል ገባች» ሲባል ሰፈሩ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። በምሥራቅ በኩል፣ አያትና የካ አባዶ ላሉ፣ የካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል ይቀርባል። በቡራዩና በሱሉልታ በኩል ላሉ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይሻላል። ሁለቱም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ቡራዩ አጠገብ ያለው ገፈርሳ የማገገሚያ ማዕከል ስለሆነ ለመጀመሪያ ምርመራ አይኬድበትም። የግል ክሊኒክም አለ፤ ስትመርጡ የሚያየው ሰው ሳይካትሪስት ነው ወይስ የሥነ ልቦና ባለሙያ ብላችሁ ጠይቁ። የሥነ ልቦና ባለሙያ በንግግር ያክማል፣ መድኃኒት ግን አያዝም።

ወላጅ የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላቸው መንገዱ ከሰፈር ጤና ጣቢያ ይጀምራል። ሪፈር ሳይዙ ቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ ወጪው ከኪስ ሊሆን ይችላል። መድኑ ደግሞ ከመኖሪያ አድራሻ ጋር የተያያዘ ነው። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሥር ገብተዋል፤ አስተዳደራቸው ኦሮሚያ ነው። አስፋልቱን ሲሻገሩ ወረዳውም ክልሉም ሊለወጥ ይችላል። ሪፈሩ የሚወስደው የት እንደሆነ ጤና ጣቢያው ላይ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ደህና ምርመራ ምን ይመስላል? አንዱ መሣሪያ ፒኤችኪው 9 የሚባል የዘጠኝ ጥያቄ ቅጽ ነው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ነው። በአማርኛም ተጠንቷል። ቅጹ ያጣራል እንጂ አይፈርድም። ሐኪሙ ሌላ በሽታ እንዳይሆን ደም ማነስን፣ ስኳርን፣ በተለይ የታይሮይድ ዕጢን ማየት ሊፈልግ ይችላል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይጠይቃል። በዕድሜ ለገፉት የማስታወስ ችሎታን ይፈትሻል። አንድ ጥያቄ ግን ሳይነሳ እንዳይታለፍ፦ ከዚህ በፊት ለቀናት ሳይተኙ ከመጠን በላይ የተነቃቁበት፣ ገንዘብ የበተኑበት ጊዜ ነበር? ከነበረ በሽታው ሌላ፣ ባይፖላር የሚባለው፣ ሊሆን ይችላል። የድብርት መድኃኒት ብቻውን ቢሰጥ ያንን መነቃቃት ሊቀሰቅሰው ይችላል። በአምስት ደቂቃ የእንቅልፍ ኪኒን ጽፎ የሚሸኝ ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።

የእናንተ ሥራ እዚህ ላይ ነው። አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉ። መቼ ጀመረ፣ ምን ተለወጠ፣ ከዚያ በፊት ማን ሞተ ወይም ማን ተለየ፣ ከዘመድ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት አለ ወይ። በቴሌግራም ለሚሄደው ሰው ላኩና አትሞ ይያዘው። ሐኪሙ ያለ ታካሚው ፈቃድ ለእናንተ መናገር እንደማይችል አትርሱ። ወላጅ ከፈቀዱ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ይደረግ። ስትደውሉ ሰዓቱን አስተካክሉ። የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው። 3 ሰዓት ከተባለ ጠዋት ነው፤ ዋሽንግተን ግን ያኔ ሌሊት ነው።

መድኃኒት ከታዘዘ ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን ወይም አሚትሪፕቲሊን ሊሆን ይችላል። ለውጥ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። «ተሻለኝ» ተብሎ አይቆምም፤ ከዳኑ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር ያህል ይቀጥላል። እባካችሁ ከውጭ የራሳችሁን መድኃኒት በሻንጣ አትላኩ። ሲያልቅ ማን ይተካዋል? ሌላው የሚረሳው ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት የጠዋቱን ኪኒን ይዘሉታል። ማታ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙ ይጠየቅ። ከጸበል ጋርም አትጣሉ። እንጦጦ ይሂዱ፣ መድኃኒቱም አብሮ ይሂድ።

«ምነው በወሰደኝ» የሚለውን ንግግር ለምደነዋል። መብላት ከተዉ፣ ንብረት ማከፋፈል ከጀመሩ ወይም እንዴት እንደሚሞቱ ካወሩ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ራሳቸውን ለማጥፋት ያስቡ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቋቸው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። አጠገባቸው ሰው ይሁን። መድኃኒቱና ፀረ ተባዩ ከእጃቸው ይራቁ። እዚያ ያለው ሰው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ወደ ከተማው የእሳትና ድንገተኛ አደጋ አገልግሎት በ939 ይደውል ወይም ቅርብ ያለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዳቸው።

በመጨረሻ የቤት ግንባታ ጉዳይ። ገላን ወይም ለገጣፎ የምታሠሩት ቤት ካለና ሲሚንቶና ብረት የሚቆጣጠሩት አባታችሁ ከሆኑ፣ እስኪሻላቸው ለሌላ ሰው ስጡት። ውክልናም ሆነ የቤት ሽያጭ እስከዚያው አታስፈርሟቸው።