ተገጣጣሚ ስላብ በቀላል ብረት ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ማሰሪያ ፌሮው የት ይገባል?

ሆሎ ኮር የሚባለው ውስጡ ክፍት ስላብ በፋብሪካ የተወጠረ ሽቦ ስላለው ጭነቱን ራሱ ይሸከማል። የሚጎድለው ከጎረቤቱ፣ ከግድግዳው ማዶ ካለው ስላብና ከግድግዳው ጋር የሚያስረው ብረት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1968 ለንደን ውስጥ ሮናን ፖይንት በተባለ ባለ 22 ፎቅ ተገጣጣሚ ሕንፃ 18ኛው ፎቅ ላይ ጋዝ ፈንድቶ አንድ ማዕዘኑ ተደረመሰ፤ 4 ሰዎች ሞቱ። ግድግዳውና ወለሉ በደንብ አልተያያዙም ነበር።

ከዚህ በታች ያሉት ልኮች 200 ሚሊ ውፍረት፣ 1.2 ሜትር ስፋትና 6 ሜትር ርዝመት ላለው ስላብ፣ 150 ሚሊ ውፍረት ላለው ቀላል ብረት (ከታጠፈ ስስ ላሜራ ቋሚዎች የተሠራ) ግድግዳ ናቸው። የመሐንዲሱ ፕላን ሌላ ካለ እሱ ይቀድማል።

የግድግዳው ራስ ስስ ላሜራ ስለሆነ በሁለት ቋሚዎች መካከል ሲጫኑት ይጎብጣል። ስለዚህ ከላዩ ያልተቆራረጠ ቱቦላሬ ይግባ፤ የላይኛው ፎቅ ቋሚም በታችኛው ቋሚ ትክክል ይቁም። ከሁለቱም ወገን የሚመጡት ስላቦች 65 ሚሊ፣ 65 ሚሊ ያርፉና መሃል 20 ሚሊ ይቀራል። ማረፊያው ከ50 ሚሊ ካነሰ ስላቡን አይቀበሉ፤ ጫፉ ሊሸረፍ ይችላል።

አንዱ ስላብ 2 ቶን ገደማ ነው። የግድግዳው ሰያፍ ማጠንከሪያ ሳይታሰርና ጊዜያዊ ድጋፍ ሳይቆም ክሬን አይጠሩ። ሲጭኑም ከግራና ከቀኝ ያፈራርቁ፤ አንዱ ወገን ብቻ ከተጫነ ቋሚዎቹ ይጣመማሉ።

ዋናው ሥራ ይኸውና። በሁለት ስላቦች መካከል በሚቀረው ቦይ፣ ማለትም በየ1.2 ሜትሩ፣ 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ፌሮ ግድግዳውን አቋርጦ በየወገኑ 75 ሳንቲ ይግባ። ቦዮቹ ፊት ለፊት እንዲገጥሙ ስላቦቹን አስቀድመው ያሰልፉ። ፌሮው በቦዩ ከፍታ መሃል ይቀመጥ፤ ከላይ ከተንሳፈፈ ግራውቱ (ቦዩን የሚሞላው የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) አይዘውም። ጥንካሬው 420 ሜጋ ፓስካል የሆነ ፌሮ ከሆነ በሜትር 39 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይይዛል። የአሜሪካው የኮንክሪት ሕንፃ ደንብ ኤሲአይ 318 ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ ለሆነ ተገጣጣሚ ሕንፃ የሚጠይቀው 22 ነው። በሕንፃው ዙሪያ ደግሞ ከጠርዙ 1.2 ሜትር ሳይርቁ ሁለት ባለ 12 ፌሮ ይዘርጉ፤ ማዕዘን ላይ ይታጠፉ እንጂ አይቆረጡ። የውጭው ግድግዳ ማሰሪያ ቱቦላሬው ላይ አስቀድሞ የተበየደ ይሁን። የሚበየድ ዓይነት ያልሆነ ፌሮ ከተበየደ ይሰባበራል፤ ብየዳው ያቃጠለው ጋልቫናይዝድም ዚንክ ቀለም ይቀባ።

ላይኛው ግድግዳ የሚያርፍበት የስላቡ ጫፍ ክፍት ከሆነ ውስጡ ሊደቅቅ ይችላል። ክፍቶቹን ከግድግዳው ፊት 15 ሳንቲ ያህል ወደ ውስጥ በፎም ደፍነው እስከዚያ በኮንክሪት ይሙሉ።

ቦዩን አጥበው፣ አርጥበው 1 ሲሚንቶ ለ3 አሸዋ ግራውት ይሙሉ። ደረቅ ቦይ ውሃውን ይመጥና ግራውቱ ይሰነጠቃል። ጥንካሬ ሳያገኝ ብሎኬት አይከምሩበት።

በመጨረሻ ሽቦ መረብ ያለው 5 ሳንቲ ኮንክሪት ይፈስሳል። የተወጠረ ስላብ መሃሉ ወደ ላይ ስለሚጎብጥ 5 ሳንቲውን የሚለኩት ከጫፉ ሳይሆን ከመሃሉ ላይ ነው።