ከችግኙ በፊት ብስባሹ

እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ጓሮ ውስጥ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ ፀረ ተባይ ኬሚካል ማልማት የሚሻ ሰው ከዘሩ አስቀድሞ ብስባሽ (ኮምፖስት) ማዘጋጀት ይኖርበታል። ብዙዎቻችን ግን ከችግኙ እንጀምርና ተክሉ ሲመነምን መድኃኒት ፍለጋ እንወጣለን።

ለክምሩ ጥላ ያለውና ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ተመርጦ፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር ስፋት ላይ አየር እንዲያልፍ ከሥር የበቆሎ አገዳ ወይም ጭራሮ ይረበረባል። በላዩ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ቅጠልና ገለባ፣ ከዚያ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላና እርጥብ ሣር፣ ቀጥሎም ስስ የእበት ንጣፍ እየተደረበ፣ በየመሀሉ ጥቂት አፈርና አንድ እፍኝ የእንጨት አመድ እየተነሰነሰና ውኃ እየተርከፈከፈ እስከ ወገብ ይከመራል። ሥጋና ቅባት የነካው ትርፍራፊ አይጥ ስለሚጠራ አይግባበት።

በክምሩ መሀል እስከ ታች የሚደርስ ረጅም ዱላ መትከል አይዘንጋ። ከሳምንት በኋላ ዱላው ተስቦ ሲዳሰስ ሞቆና ረጥቦ ከተገኘ ብስባሹ እየሠራ ነው፤ ደርቆና ቀዝቅዞ ከወጣ ውኃ ጠምቶታል፤ ከከረፋ ደግሞ ውኃ በዝቶ አየር አጥሮታልና ገለባ እየጨመሩ መገልበጥ ያስፈልጋል። በየ3 ሳምንቱ የተገላበጠ ክምር ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ጠቁሮ ይፈረፈራል፤ ሽታውም ዝናብ የነካው አፈር ሽታ ይሆናል። እኔ ይህን ጊዜ መታገሥ አቅቶኝ ትኩስ እበት ሰላጣ ሥር አድርጌ መደቡ በሙሉ ጠውልጎብኛል፤ ከዚያም በላይ በጥሬው የሚበላ ቅጠል ከትኩስ እበት ጋር መነካካቱ ለጤና አደገኛ ነው።

የጎመን ቅጠል ሲገለበጥ አመድ የተነሰነሰበት ከመሰለ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ይዞታል። ጥቂት ከሆነ በጣት መጨፍለቅ ይበቃል፤ ከበዛ በ1 ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ፣ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሮ፣ ማምሻውን የቅጠሉን ጀርባ መርጨትና በማግሥቱ በንጹህ ውኃ ማጠብ ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ በቅጠሉ ላይ ከታየች ግን ክሽክሹን እርሷም ልጆቿም ይበሉታልና ርጭቱ ጥቂት ቀን ይቆይ።

ቲማቲምን በክረምት ከመትከል መቆጠብ ይሻላል። ቅጠሉን አጥቁሮ የሚያደርቀው በሽታ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲያገኝ በቀናት ውስጥ መደቡን ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ድንች ባልነበረበት መደብ ላይ ተተክሎ ሥር ሥሩን ይጠጣ።