የአርቪ ታንከር መለኪያችሁ ይዋሻል? ከውጭ በሚለጠፍ ሴንሰር እንዴት እንደሚቀየር

ቨርጂኒያ፣ ሼናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ቢግ ሜዶስ የሚባል የካምፕ ቦታ አለ። ቦታው ውብ ነው፤ አጋዘኖቹ ሰው ሳይፈሩ ሜዳው ላይ ይግጣሉ። ለአርቪ፣ ማለትም መኝታ፣ ኩሽናና ሽንት ቤት ላለው የጉዞ መኪና ወይም ተጎታች ቤት ግን የሚሰካ መብራትም፣ ውሃም፣ የፍሳሽ መስመርም የለውም። የምትቆዩት ይዛችሁ የመጣችሁት ውሃ እስኪያልቅ፣ ወይም የተጠቀማችሁበት ታንከሩን እስኪሞላ ድረስ ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ ግድግዳው ላይ ያለውን የመለኪያ ቁልፍ ተጫንኩ። የሽንት ቤቱ ታንከር አንድ ሦስተኛ ላይ ነው አለኝ። ተመስገን ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ባለቤቴ የሽንት ቤቱን ፔዳል ስትረግጥ ውሃው አልወርድ አለ። እንዲያውም ወደ ላይ መጣ። ዝርዝሩን ልተወው።

ተጎታቿን የገዛኋት አሮጌ ሆና ስለነበር መጀመሪያ የሷ አመል መሰለኝ። በኋላ አርቪ ያላቸውን ሰዎች ስጠይቅ ሁሉም ሳቁብኝ። "እሱን ታምነዋለህ እንዴ?" ነው መልሳቸው። ከፋብሪካ አብሮ የሚመጣው መለኪያ አዲስ አርቪ ላይም ብዙ ሳይቆይ መቃዠት ይጀምራል። የሚስተካከልበት መንገድ አለ፤ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። እኔ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል፣ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ለምን ይዋሻል?

አብዛኛው አርቪ ሦስት ታንከር አለው። አንዱ የንጹሕ ውሃ ነው። ሁለተኛው የእቃና የገላ መታጠቢያው የሚወርድበት ነው፤ ግራጫ ይሉታል። ሦስተኛው የሽንት ቤቱ ነው፤ ስሙ ጥቁር ነው፣ መግለጫ አያስፈልገውም።

የፋብሪካው መለኪያ አሠራር ቀላል ነው። የታንከሩ ግድግዳ ይበሳና ትንንሽ የብረት ብሎኖች በተለያየ ከፍታ ይገባሉ፦ ታች አንድ፣ አንድ ሦስተኛው ላይ አንድ፣ ሁለት ሦስተኛው ላይ አንድ፣ ሙሉ የሚባለው ላይ አንድ። ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ውሃው ሁለተኛው ብሎን ላይ ሲደርስ ከታችኛው ጋር ይገናኛሉ፣ ግድግዳው ላይ መብራት ይበራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

በንጹሕ ውሃ ታንከር ይህ ደህና ይሠራል። በግራጫው ግን ቅባትና ሳሙና ግድግዳው ላይ ይጋገራል። በጥቁሩ ደግሞ ወረቀት ብሎኑ ላይ ይንጠለጠላል። ያ እርጥብ ቆሻሻ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ ታንከሩን አሁን ባዶ አድርጋችሁት ሁለት ሦስተኛ ይላችኋል። የተለመደው ውሸት ይሄኛው ነው። የኔ ዓይነቱ የተገላቢጦሽ ነው፦ የብሎኑ ሽቦ ዝጎ ሲበጠስ መብራቱ መብራት ሲገባው አይበራም። ከሁለቱ የሚከፋው የቱ እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ።

ቢሠራም እንኳ የሚነግራችሁ በሦስተኛ በሦስተኛ እየዘለለ ነው። 40 ጋሎን በሚይዝ ታንከር አንዱ ዝላይ ከ13 ጋሎን በላይ ነው፣ 50 ሊትር ማለት ነው። ሁለት ሰው ቆጥቦ ገላውን ለመታጠብና እቃ ለማጠብ የሚበቃው ውሃ እዚያ መሃል ይጠፋል።

መጀመሪያ ታንከሩን እጠቡ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ብሎኖቹ ቆሽሸው ብቻ እንደሆነ እዩ። ጥቁሩን ታንከር ማፍሰሻ ቦታ ወስዳችሁ ባዶ አድርጉት። ግማሽ ያህል ውሃ ሙሉት፣ ለታንከር የሚሸጠውን ማጽጃ ጨምሩ፣ አንድ ቀን ይደር፣ እንደገና አፍስሱት። መለኪያው ከተስተካከለ ጥሩ። በረዶ ከትተው መንዳት ያጸዳል የሚሉም አሉ። ሞክሬዋለሁ፤ ያተረፍኩት ቀዝቃዛ ታንከር ነው።

ታጥቦም የማይስተካከል ከሆነ ሁለት ምርጫ አለ። ርካሹ ብሎኖቹን ብቻ መቀየር ነው። ሆርስት ሚራክል ፕሮብ የሚባሉት ብረታቸው ከግድግዳው ራቅ ብሎ በፕላስቲክ አንገት ላይ ስለሚቀመጥ ቆሻሻ ቶሎ አያገናኛቸውም። ዝላዩ ግን ያው በሦስተኛ ነው። ሌላው መለኪያውን ጨርሶ ከታንከሩ ማስወጣት ነው። እኔ ይኼኛውን መረጥኩ፤ የቀረው ጽሑፍም ስለሱ ነው።

ከውጭ የሚለጠፈው እንዴት ይሠራል?

በጣም የታወቀው የካናዳው ጋርኔት ኢንስትሩመንትስ የሚሠራው ሲ-ሌቭል ነው። ከማጣበቂያ ጋር የሚመጣ ስስ ረጅም ሰሌዳ ነው፤ ላዩ ላይ ከታች እስከ ላይ ትንንሽ ፎይሎች ተደርድረዋል። ታንከሩ ጎን ላይ ቆሞ ይለጠፋል። ፎይሎቹ ከፕላስቲኩ ወዲያ ያለው ውሃ ይሁን አየር ይለያሉ። የስልካችሁ ስክሪን ጣታችሁን የሚያውቅበት ዘዴ ነው። ከቆሻሻው ጋር ምንም ንክኪ የለውም። ግድግዳው ላይ ያለው ማሳያ ደግሞ በፐርሰንት ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ የሚሠራው በፕላስቲክ ታንከር ብቻ ነው። ታንከራችሁ ብረት ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ደግነቱ አብዛኛው አርቪ ፕላስቲክ ነው ያለው። ለሦስት ታንከር የሚሆነውን ሙሉውን እቃ በሁለት ሦስት መቶ ዶላር ታገኙታላችሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት የየታንከሩን ቁመት ለኩ። ረጅም ለሆነው ሁለት ሰሌዳ ተቀጣጥሎ ይለጠፋል፤ አጭር ለሆነው በመቀስ ይቆረጣል። እኔ ሳልለካ ነው ያዘዝኩት። አንዱ ቅዳሜ የሄደው በዚህ ነው።

ስር መግባት

ጥቁሩንና ግራጫውን ታንከር አፍስሱና በደንብ አለቅልቁ። ንጹሑንም ባዶ አድርጉት። ተጎታቹን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙና ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉላቸው። በክሪክ ብቻ የተነሣ ነገር ስር በፍጹም አትግቡ፤ ማንሣት ካስፈለገ የብረት መቆሚያ ይግባበት። ከውጭ የተሰካውን የኤሌክትሪክ መስመር ንቀሉ፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ወፍራም የላስቲክ ጓንትና መነጽር አድርጉ። ታንከሩ ታጠበ ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ብዙ አርቪ ሆዱ በጥቁር ፕላስቲክ ሰሌዳ ተሸፍኗል። እንዳለ ማውረድ አያስፈልግም። ታንከሩ ካለበት ጎን ያሉትን ብሎኖች ፈታችሁ ሰው እጁን አስገብቶ የሚሠራበት ያህል ወደ ታች ማጠፍ ይበቃል። ብሎኖቹን ቆርቆሮ ውስጥ ሰብስቡ። ሣር ላይ ያስቀመጥኳቸው አምስት ብሎኖች እስከ ዛሬ ጠፍተዋል፣ የሣር ማጨጃው እንዳያገኛቸው እየጸለይኩ ነው።

አሁን የድሮዎቹን ብሎኖች ታያላችሁ፤ ከያንዳንዳቸው ሽቦ ወጥቷል። ብሎኖቹን አትንቀሉ! ቀዳዳውን የደፈኑት እነሱ ናቸው። ከነቀላችኋቸው ታንከሩ በዚያ በኩል ያፈሳል፣ ያውም ጥቁሩ። ሽቦውን ብቻ አላቁና ጫፉን በናስትሮ ጠቅልሉት።

መለጠፍ

የሥራው ግማሽ ቦታ መምረጥ ነው። ሰሌዳው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ለጥ ያለ ግድግዳ ፈልጉ። የታንከሩ መጋጠሚያ፣ እብጠትና ማዕዘን ላይ አይለጠፍም። ከሻሲው ብረት ራቅ ያለ ይሁን፤ ብረት ሲጠጋው ውሃ ያለ ይመስለዋል። ሁለት ታንከሮች ፊት ለፊት ተጠጋግተው ከተቀመጡ በመሃላቸው አትለጥፉ፣ ሴንሰሩ የጎረቤቱን ውሃ ሊያነብ ይችላል። ቧንቧ በሚያልፍበትም እንዲሁ።

ቦታውን በሳሙና እጠቡት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ በአልኮል ጥረጉት። ይህን ፕላስቲክ ማጣበቂያ አይወደውም፤ ትንሽ አቧራ ወይም ቅባት ካለ በሳምንቱ ተላጦ ይወድቃል። ብርዱ ከበረታ ታንከሩን በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጉት።

ከመለጠፋችሁ በፊት ሁለት ነገር ይቆረጣል። አንደኛው ቁመቱ ነው፤ የት ድረስ መቁረጥ እንደሚቻል ከእቃው ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ተሥሏል፣ ያንን ሳታዩ መቀስ አታንሡ። ሁለተኛው ሰሌዳው ዳር ላይ ያሉት ትንንሽ ምልክቶች ናቸው። የትኛው እንደተቆረጠ አይቶ ነው ማሳያው "ይሄ ንጹሕ ነው፣ ይሄ ጥቁር ነው" የሚለው። ሁለቱን ሰሌዳ አንድ ዓይነት ከቆረጣችሁ ይጣላሉ። እያንዳንዱን እንደቆረጣችሁ ጀርባው ላይ የታንከሩን ስም በማርከር ጻፉበት።

ከዚያ የማጣበቂያውን ልጣጭ ከላይ ትንሽ ብቻ አንሡ፣ አስይዙ፣ እየላጣችሁ ወደ ታች በእጃችሁ ጫን ጫን እያላችሁ ውረዱ። አየር አይግባበት። አንዴ ከያዘ ማንሣት አይሞከርም፣ ፎይሉ ይቀደዳል።

ሽቦው

ይህን ስትሰሙ ደስ ይላችኋል። ሦስቱም ሴንሰሮች የሚሄዱት በአንድ ጥንድ ሽቦ ነው፤ አንዱ መልእክት የሚያመላልስ፣ ሌላው ኔጋቲቭ። ስለዚህ አዲስ መስመር መዘርጋት ላያስፈልግ ይችላል። ከድሮዎቹ ብሎኖች ወደ ግድግዳው የሚሄዱት ሽቦዎች አሉላችሁ አይደል? ከነሱ ጤነኛ የሆነውን በቴስተር ፈልጉና እሱኑ ተጠቀሙ። የኔ ግማሾቹ ዝገው ስለነበር አዲስ መሳብ ነበረብኝ።

መገናኛዎቹ ከመኪና ስር ናቸው፤ ጨውና ጭቃ ይመታቸዋል። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል እዚህ አይሠራም። ሲሞቅ የሚሸበሸብ ላስቲክ ያለው መገናኛ ግዙ፣ በፒንሳ ጨፍልቁት፣ ላስቲኩን በሙቀት ዝጉት። የተረፈውን ሽቦ ከሻሲው ጋር እሰሩት፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ መንገድ ላይ አንዱ ቅርንጫፍ ይዞት ይሄዳል።

ግድግዳው ላይ ያለውን የድሮ ማሳያ ከመንቀላችሁ በፊት ጀርባውን በስልክ ፎቶ አንሡ። ብዙዎቹ ማሳያዎች ላይ የውሃ ፓምፑና የውሃ ማሞቂያው ማብሪያም አብሮ አለ። የድሮውን ነቅላችሁ ከጣላችሁ ፓምፕ ማብሪያ አልባ ትሆናላችሁ። ወይ ማብሪያ ያለውን ዓይነት ማሳያ ግዙ፣ ወይ የድሮውን ቦታው ላይ ትታችሁ አዲሱን አጠገቡ አስገቡ። እኔ ሁለተኛውን አደረግኩ። ቆንጆ አይደለም፣ ግን ይሠራል። ለማሳያው የሚሆነውን 12 ቮልት ከድሮው ማሳያ መውሰድ ይቻላል፤ መስመሩ ቫልቮላ እንዳለው ብቻ አረጋግጡ።

መፈተን

ባትሪውን መልሱና ቁልፉን ተጫኑ። ሦስቱም ዜሮ ወይም ዜሮ አካባቢ ካሉ ደህና ነው። ሽፋኑን ግን ገና አትዝጉ። ተጎታቹ ውሃ ልክ መቆሙን ተመልከቱ፤ ካዘነበለ ውሃው ወደ አንድ ጎን ሄዶ ቁጥሩን ያዛባል።

ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ያዙና በንጹሑ ጀምሩ። 40 ጋሎን ለሚይዝ ታንከር አንድ ባልዲ ከመቶ 12 ተኩል መሆን አለበት። ብዙ ታንከር ግን ሳጥን አይደለም። ጎማ ለማሳለፍ አንድ ጎኑ ተቀንሶ፣ ስሩ ጠቦ የሚሠራ አለ። ሴንሰሩ የሚለካው ከፍታን እንጂ ጋሎንን ስላልሆነ ከታች ቁጥሩ ቶሎ ይሮጣል፣ ከላይ ይዘገያል። ስለዚህ በየባልዲው ማሳያው ያለውን ጻፉ። የኔ ወረቀት የቁምሳጥኑ በር ውስጥ ተለጥፏል፤ ንጹሕ 30 ሲል በእውነት ስንት ጋሎን እንደቀረ ከሱ ነው የማየው። ሙሉው 40 ጋሎን ወደ 334 ፓውንድ ይመዝናል፣ 150 ኪሎ ገደማ። ተጎታቹ የሚችለው ጭነት ላይ ይህን መደመር አትርሱ።

ግራጫውን በመታጠቢያው በኩል፣ ጥቁሩን በሽንት ቤቱ በኩል እንዲሁ ሙሉ። በዚህ ጊዜ ጥቁሩ ታንከር ንጹሕ ውሃ ብቻ ስለያዘ መፍሰስ ካለም ብታዩት አይከፋም። ሁሉም ቁጥር ሲሞላ ከጨመረና ሲፈስ ከወረደ ሽፋኑን መልሱ።

አዲሱም ቢሆን ተአምር አይሠራም። የጥቁሩን ማፍሰሻ ቫልቭ ክፍት ትታችሁ ከከረማችሁ ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ ተቆልሎ ይቀራል፤ ሴንሰሩ ግድግዳው አጠገብ ያለውን እንጂ መሃል ያለውን ክምር አያይም። ቫልቩ ይዘጋ፣ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ሲደርስ ይፈሰስ፣ ውሃ አይሰሰትበት።

ጋዝስ የሚል አይጠፋም። ለሲሊንደር ስሩ ላይ በማግኔት የሚጣበቅና በብሉቱዝ ለስልክ የሚናገር ሞፔካ የሚባል አለ። እኔ ሚዛን ነው የምጠቀመው። የባዶው ሲሊንደር ክብደት አንገቱ ላይ ተቀርጿል፤ ሚዛኑ ካለው ላይ እሱን ስትቀንሱ የቀረው ጋዝ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ቢግ ሜዶስ ተመልሰን ሄድን። ባለቤቴ አሁንም ፔዳሉን ከመርገጧ በፊት ማሳያውን ታያለች። 41 ይላል። "እርግጠኛ ነህ?" ትለኛለች።