ለልብ ጤና ብለው የሚጠብሱት አትክልት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐኪም «ጨውና ቅባት ቀንስ» ያለው ሰው ቶሎ የሚመጣለት የአትክልት ጥብስ ነው። ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቃሪያ ከአራት ኪሎም ከፒያሳም ጉልት አይጠፉም። ምርጫው ጥሩ ነው። ነገሩ የሚበላሸው መጥበሻው ላይ ነው። አትክልቱ ውሃ ያወጣና ጣዕም ያጣል። ከዚያ ጣዕም ፍለጋ ጨው ይጨመራል፣ ዘይት ይደገማል።

ስለዚህ ትልቁ ስህተት መጥበሻውን መሙላት ነው። የቻይና ምግብ ቤት እሳትና የኮንዶሚኒየም የኤሌክትሪክ ምድጃ አይወዳደሩም። የተከተፈው ሁሉ አንዴ ሲገለበጥ መጥበሻው ይቀዘቅዛል። ከአትክልቱ የሚወጣው ውሃ ቶሎ አይተንም፣ ጥብሱም ቅቅል ይሆናል። መጥበሻውን ባዶውን በደንብ ያሙቁት። ጠብ ያደረጉበት ውሃ ቺስ ብሎ ሲጠፋ ዘይቱን ይጨምሩ። አትክልቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍለው ይጥበሱና መጨረሻ ላይ አንድ ላይ ይቀላቅሉት። ታጥቦ ያልተንጠፈጠፈ አትክልትም ያው ጣጣ አለው። በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት።

አከታተፍም ይወስናል፣ በተለይ እዚህ ከተማ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንፋሎቱም ቶሎ አያበስልም። ወፍራም ካሮት በእንፋሎት ይበስላል ብለው ከጠበቁ ጎመኑ ይላሽቃል። ካሮትና ፎሶሊያ በቀጭኑ ተከትፈው ይቅደሙ፤ ጎመንና ቃሪያ ይከተሉ።

አሁን ወደ ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተለመደ ሶያ ሶስ ብቻውን ከ2 ግራም በላይ ጨው ይይዛል። ብዙ ቤት ግን ሶያ ሶሱ ላይ የሾርባ ኩብ ይፈረፈራል፤ የኩቧ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። ከላይ ደግሞ ጨው ይነሰነሳል። ከሦስቱ አንዱን ይምረጡ። እኔ ሶያ ሶሱን እመርጣለሁ፤ ለሦስት ሰው ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ በትንሽ ውሃ ቀጥኖ፣ እሳቱ ሊጠፋ ሲል። የቀረውን ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ይሸፍኑታል። ነጭ ሽንኩርቱ ግን መጀመሪያ ከገባ ያርራል፣ ይመራልም።

ዘይትን ከአምስት ሊትሩ ጀሪካን በቀጥታ ማንቆርቆር ሌላው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ እጅ የሚያፈሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከዚያ ይበልጣል። በማንኪያ ይለኩ፤ ለሦስት ሰው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ዓይነቱም አንድ አይደለም። ጠዋት ጠዋት የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ስብ ነው። በሱፍ ዘይት ውስጥ ይህ 10 በመቶ ገደማ ነው። የኑግ ዘይትም ጥሩ ነው። «ለሽታ ብቻ» የምትጨመረዋ ንጥር ቅቤ ከፓልሙም ትብሳለች። ለሽታ ከሆነ የተቆላ ሰሊጥ ይነስንሱበት።

ሥጋ ካማራችሁ የዶሮ ደረት በስሱ ተቆርጦ ይግባ። በጾም ቀን የተቀቀለ ሽምብራ ይሆናል። ጮማ ገብቶበት «አትክልት ነው» ማለት ራስን መሸወድ ነው። ከነጭ ሩዝ ክምር ይልቅ በጤፍ እንጀራ ይብሉት፤ ፈረንጅ ቢስቅም ይጣፍጣል።

ጨው የቀነሰ ሰው ሚጥሚጣ ማብዛት ይወዳል። አብዛኛው ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ሚጥሚጣ ግን ጨው አለው፣ በርበሬውም እንዲሁ። ቤት የምታዘጋጁ ከሆነ ያለ ጨው አስፈጩት፤ ገበያ ላይ ከሆነም ሻጯን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቋት።